መልስ፦ እንጀራ ሳልተው ካርቦሃይድሬት ቀንሼ መክሳት እችላለሁ?

ሰላም እህቴ። መሥሪያ ቤትሽ ስታዲየም አካባቢ ስለሆነ ምሳ ውጭ ነው የምትበዪው፤ እንጀራ ሳትተዪ ካርቦሃይድሬት ቀንሰሽ መክሳት ትችይ እንደሆነ ጠይቀሻል። ትችያለሽ። እንዲያውም እንጀራ ጭራሽ አልነካም የሚል ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ነበረበት ሲመለስ ነው የማየው።

በየዓይነቱ ስታዢ ትሪው ላይ አንድ እንጀራ ተዘርግቶ፣ ከጎኑ ሌላ ተጠቅልሎ ይመጣል። ጥቅሉን ገና ሲቀርብ መልሺው። አጠገብሽ ከተቀመጠ እጅሽ ሳታውቂው ይሄዳል። ከዚያ ጎመኑንና ሰላጣውን ጨምሩልኝ፣ ድንቹን ቀንሱልኝ በያቸው። ምስርና ሽሮም ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ ግን ፕሮቲንና ፋይበር ስላላቸው ቶሎ አይርብሽም። በፍስክ ቀን ጥብስ፣ እንቁላል፣ አይብ በጎመን አለልሽ። ቅቤና ዘይቱን ግን አይተሽ፤ 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ነው፣ ካርቦሃይድሬት 4።

እኔን ብትጠይቂኝ ከእንጀራው በፊት መቆም ያለበት ስኳሩ ነው። ለስላሳው፣ ስኳር የገባበት ጁስ፣ ማኪያቶው ላይ የምትጨምሪው።

በመጀመሪያው ሳምንት ኪሎሽ ቶሎ ቢወርድ አብዛኛው ውሃ ነው። በኋላ ሲዘገይ ተስፋ አትቁረጪ። ሠርግ ወይም በዓል ሲመጣ ብዪ፤ በማግስቱ ወደ ልማድሽ ተመለሺ።

የስኳር ሕመም ኖሮብሽ በተለይ ኢንሱሊን የምትወስጂ ከሆነ ግን እባክሽ ሐኪምሽን ሳታማክሪ አትጀምሪ። ምግቡ ቀንሶ መድኃኒቱ በነበረበት ከቀጠለ ስኳርሽ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል።