መልስ፦ ካቴናውን ብቻ ልቀይር ወይስ ስፕሮኬቶቹንም (ካቴናው የሚዞርባቸውን ባለ ጥርስ መንኮራኩሮች)?

ወንድሜ፣ የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሆንዳ ሲቢ 750 ሞተር ሳይክልህ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) ሲሠራ መንቀጫቀጡ፣ የካቴናው ማጥበቂያ ከተስተካከለ በኋላም ድምፁ መመለሱ የታይሚንግ ካቴናው ማለቁን ይጠቁማል፤ ይህም ክራንክሻፍቱን (ዋናውን የሞተር ዘንግ) ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ ከካምሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ካቴና ነው። ሞተሩን ሳትከፍት ግን ነዳጅና አየር የሚቀላቅሉት አራቱ ካርቡሬተሮች እኩል መሥራታቸውን አረጋግጥ፤ ካልተመጣጠኑ የክላቹ በኩል ካቴናዎችም ልክ እንዲሁ ይጮኻሉ።

«ካቴናው ተለጠጠ» ይባላል እንጂ ብረቱ አልተለጠጠም፤ የተበላው በየመጋጠሚያው ያለው ፒን ነው። ማጥበቂያው የላላውን ጎን ብቻ ይሰበስባል። የሚጎትተው ጎን በረዘመ ቁጥር ካምሻፍቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ቫልቮቹም ዘግይተው ይከፈታሉ። ጉልበቱ ቀነሰ ያልከውም ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ስፕሮኬቶቹን አይተህ ወስን። የታችኛው (የክራንክሻፍቱ) የላይኛውን (የካምሻፍቱን) ግማሽ ያህል ጥርስ ስላለው እያንዳንዱ ጥርስ እጥፍ ይሠራል። እንደ መንጠቆ ከጎበጠ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይጨርሰዋል። ችግሩ፣ በዚህ ሞተር የታችኛው ስፕሮኬት ከክራንክሻፍቱ ጋር አንድ አካል ነው፤ ለብቻው አይቀየርም። ደግነቱ በዘይት ውስጥ ስለሚሠራ እዚያ ደረጃ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። የላይኛው ግን ከተበላ ያለ ማመንታት ይቀየር።

የካምሻፍቱን ክዳን ለማንሳት ሞተሩ ከሻሲው መውጣት አለበት። ስለዚህ የማጥበቂያውንና ካቴናውን በመስመሩ የሚይዘውን መምሪያ ላስቲክ አብረህ ቀይር፤ በዕድሜ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስትገጥም ከማስነሳትህ በፊት ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ዙር አዙረህ የክራንክሻፍቱና የካምሻፍቱ የታይሚንግ ምልክቶች መግጠማቸውን እንደገና እይ።