ዕፀ መሰውር የያዘ ሰው ያያል ወይ?

ይህ ዓምድ ምናባዊ ልብ ወለድ ለምትጽፉ ነው። ስለ ቃላት፣ ስለ ዕፅዋትና ስለ ሳይንስ ትጠይቁኛላችሁ፣ እኔም የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ጡረታ ብወጣም "ቲቸር" ስትሉኝ ደስ ይለኛል። የዛሬዎቹ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቅጠላ ቅጠል ናቸው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ዋናዋ ገፀ ባሕርዬ ጀጎል ውስጥ የምትኖር ልጅ ናት። ከአያቷ ዕፀ መሰውር ትወርሳለች። ስትይዘው ማንም አያያትም። ጓደኛዬ አንብቦ "ሁሉ ነገር ቀለላት፣ አልጓጓሁም" አለኝ። ምን ላድርግ? (ከሐረር፣ ሸንኮር)

መልስ፦ ጓደኛሽ ልክ ነው። ዕፀ መሰውርን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። የያዘው ሰው ይሰወራል ይባላል፣ በቃ። ከተሰወረ በኋላ ምን እንደሚገጥመው የሚናገር የለም። ያንን መናገር ያንቺ ሥራ ነው።

አንድ ነገር የሚታየን ብርሃን ስለሚመልስ፣ ስለሚያጥፍ ወይም ስለሚውጥ ነው። ክፍል ውስጥ የማሳየው ነገር ነበር። የፓይሬክስ ዘንግ ወስጄ የምግብ ዘይት ባለበት ብርጭቆ ውስጥ እነክራለሁ። ዘይቱ ውስጥ የገባው ግማሹ ጥፍት ይላል። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች "ተሰበረ!" ብለው ይጮኻሉ። አውጥቼ አሳያቸዋለሁ፣ ደህና ነው። ዘይቱም ፓይሬክሱም ብርሃንን የሚያጥፉት በተቀራራቢ መጠን ስለሆነ ድንበራቸው አይለይም። ልጅቷም ከአየሩ ጋር እንዲህ ከሆነች ትሰወራለች።

ጣጣው ዓይኗ ላይ ነው። ለማየት የዓይኗ ሌንስ ብርሃኑን ማጠፍ አለበት። ከዚያ ሬቲናዋ ላይ ያለው ሮዶፕሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ብርሃኑን መዋጥ አለበት። ብርሃኑ በውስጧ ዝም ብሎ ካለፈ የሚዋጥ ነገር የለም። ስለዚህ የተሰወረችው ልጅ ምንም አታይም።

አቦ፣ ታሪክሽ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው! ማንም የማያያት ልጅ እሷም ማንንም አታይም። ታዲያ በእነዚያ ጠባብ መንገዶች እንዴት ትሄዳለች? ግንቡን በእጇ እየዳሰሰች። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ስትደርስ የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ይነግራታል። ድምፁ እየራቀ ከሄደ መንገዱን ስታለች ማለት ነው። ቡና የሚቆላበትን ቤት በሽታው ትለየው። ዩኔስኮ ጀጎልን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶች እንዳሉት ጠቅሷል። በአዛን ሰዓት ከየአቅጣጫው ድምፅ ሲመጣ የሰፈሯን ሙአዚን ለይታ ወደ እሱ ትሂድ። ሰው ደግሞ ስለማያያት ይገጫታል። ዕቃ የተሸከመች ሴት ስትገጫት ምን ታደርጋለች? እሱን ጻፊልኝ።

ሌላም መንገድ አለ። ዓይኗ ብቻ ሳይሰወር ይቅር። ያኔ ታያለች፣ ግን ሁለት ዓይን በአየር ላይ ሲሄድ ሰው ያያል፤ ቀን ቀን መውጣት አትችልም። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ቅጠሉን በያዘች ቁጥር በዓይኗ ትከፍላለች።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ዘበኛው የፍላጻውን ጫፍ መርዝ ይቀባል። የተነካው ሁሉ እዚያው ድርቅ ይላል። የእኛን አገር ዛፍ ብጠቀም ደስ ይለኛል። አለ ወይ? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ አለ። ምረንዝ ይባላል። በኦሮምኛ ቀራሩ፣ በሶማሊኛ ዋባዮ ይሉታል። ሳይንቲስቶችም መርዙን ዋባይን ያሉት ከሶማሊኛው ወስደው ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ አዳኞች ለፍላጻ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አዘገጃጀቱን አልጽፍም፣ ለታሪክህም አያስፈልግህም። ማንም ለሙከራ ብሎ እንዳይነካው አደራ እላለሁ።

ለታሪክህ የሚያስፈልግህ አሠራሩ ነው። ሕዋሶቻችን ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚገፋ ፓምፕ አላቸው። ዋባይን ያንን ፓምፕ ይዘጋዋል። ከዚያ የልብ ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም ይከማቻል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ በመጨረሻ ልብ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ሰውየው እዚያው ድርቅ አይልም። ልቡ ሲሳሳት እያወቀው ይራመዳል። መርዙ የሚከፋው ደም ውስጥ ሲገባ ነው። በሆድ በኩል ብዙም አይዘልቅም፤ አዳኞች በዚህ መርዝ የወደቀ አውሬ ሥጋ ይበሉ የነበረውም ለዚህ ነው። ደግሞ በጥቂቱ ሲሰጥ የልብን ምት ያጠነክራል። አውሮፓ ውስጥ ሐኪሞች ለልብ ሕመምተኞች ያዙት ነበር። የዘበኛህ እናት የልብ ሕመምተኛ ብትሆንስ? መርዙም መድኃኒቱም ያለው አንድ ዛፍ ላይ ነው፣ መጠኑን የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።

አንድ እንስሳም ልጨምርልህ፣ ካላጻፍኩህ አይሆንልኝም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የምትኖር ጎፈሬ ያላት ትልቅ አይጥ አለች። የምረንዝን ቅርፊት ታኝካለች። ከዚያ ምራቋን ጎኗ ላይ ባለ ልዩ ፀጉር ላይ ትቀባዋለች። ፀጉሩ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ መርዙን መጥጦ ይይዛል። ጠላት ሲመጣባት አትሸሽም። ጎፈሬዋን ከፍታ ጥቁርና ነጩን ታሳየዋለች። የነከሳት ውሻ ይዝለፈለፋል፣ ሊሞትም ይችላል። እሷን ግን መርዙ አይጎዳትም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 በጥናት ተረጋግጧል። አንተ ፈጥረህ ብትጽፈው ኖሮ አንባቢ "አጋነነ" ይልህ ነበር።

ጥያቄ፦ በታሪኬ ውስጥ ያለው አበባ ከተቀጠፈ በኋላ ኃይሉን ያጣል። ያሳምናል? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ያሳምናል። ከአወዳይ የሚነሱት የጫት መኪኖች ለምን እንደሚከንፉ ታውቃለህ። እርጥብ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ካቲን ይለወጣል፣ እሱ ደግሞ ደካማ ነው። አበባህንም እንደዚሁ አድርገው። ባለታሪክህ ተራራው ላይ ሲቀጥፈው ሰዓቱ መቁጠር ይጀምር።

ጥያቄ፦ መድኃኒት አዋቂዋ ፈውሱን በሕልም እንድታገኘው አድርጌያለሁ። ሰለቸኝ። ሌላ መንገድ አለ? (ከሐረር)

መልስ፦ ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድን ኃይል እንዴት እንዳገኙት ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ቢልሃርዚያን እያጠኑ ነበር። የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስ በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው የሚያድገው። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ዶክተሩ ከሚታጠብበት በታች ያለውን ውሃ ሲያዩ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ይበዛሉ። ከላይ በኩል ያሉት ግን በሕይወት አሉ። እንዶድን አረፋ የሚያስደፍቀው ሳፖኒን ቀንድ አውጣውንም ይገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አገኙበት።

እንዶዱ እዚያው ነበር፣ አጣቢዎቹም እዚያው ነበሩ። ያንቺም አዋቂ ሕልሙን ትታ ወንዝ ዳር ትውረድ። ከላይና ከታች ያለውን ውሃ ታወዳድር። የሚያጥቡት ሴቶችም ስም ይኑራቸው፣ እሷ የማታውቀውን አንድ ነገር ይንገሯት።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ድቅድቅ ጨለማ ዋሻ ውስጥ የጅቦች ዓይን ያበራል ብዬ ጽፌያለሁ። ልክ ነኝ? (ከሐረር)

መልስ፦ አይደለህም። የጅብ ዓይን ከሬቲናው ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው። የራሱ ብርሃን ግን የለውም። ችቦ ወይም የእጅ ባትሪ ከሌለ ምንም አይታይም። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ያየህ እንደሆነ ባትሪው ሲዞር ዓይናቸው አብሮ ይጠፋል። ጅቡን "የዱር ውሻ" ያልክበትንም ቦታ አስተካክል፣ በዘር ለድመት ወገን ይቀርባል። መንጋውን የምትመራውም ሴቷ ናት። ጅቦቹ ወደ ከተማ የሚገቡበት ቀዳዳ ካስፈለገህ የጀጎል ግንብ ላይ አለልህ፤ ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሉታል።

የሸንኮሯ ልጅ፣ ያንን የመኪና ግርግር ምዕራፍ ስትጨርሺው ላኪልኝ።