አውድማው ላይ ያየሽው ንፋስ

ሐይቅ አካባቢ ላደግሽው፣ አሁን ወሎ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላለሽው እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፊዚክስ ገብተሽ ወደፊት ሜትሮሎጂ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ደግሞ «ጤና ግቢ፣ ንፋስ ይበላል ወይ?» ይላሉ። እኔን ያናደደኝ ግን ሌላው ነው። ጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ «ንፋስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል ካላችሁ፣ አውድማችን ላይ ከሰዓት የሚነሳው ለምን ቀጥ ብሎ ከሸለቆው ይመጣል?» ብለሽ ጠየቅሽ፣ ተሳቀብሽ፣ ፈተናው ላይም ሲ አመጣሽ። አሁን «ጭንቅላቴ ለዚህ አይሆንም» ትያለሽ።

አብሽሪ። ያ ጥያቄ ራሱ ፊዚክስ ነው።

አየርን የሚያስነሳው የግፊት ልዩነት ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው፣ ዳገቱን የነካው አየር በዚያው ከፍታ ሸለቆው ላይ ካለው አየር ይልቅ ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ንፋሱ ከሸለቆው ወደ ላይ ይወጣል። ገበሬው ላይዳውን ይዞ የሚጠብቀው እሱን ነው። ማታ ዳገቱ ሲቀዘቅዝ የከበደው አየር ተመልሶ ይወርዳል፣ ይሄ ደግሞ የስበት ሥራ ነው።

ኮሪዮሊስስ፣ በኛ በሰሜኑ የምድር ክፍል ንፋስን ወደ ቀኝ ያጥፋል የሚባለው? ምድር ከሥሩ ስለምትዞር ነው ንፋሱ ለኛ ታጥፎ የሚታየን። ለመታጠፍ ጊዜና ርቀት ይፈልጋል። ምድር በሰዓት የምትዞረው 15 ዲግሪ ነው፣ አውድማሽ ደግሞ ከሸለቆው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። እኛ ያለነውም ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ እዚህ ጉልበቱ ዋልታ ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። በክረምት ከማዳጋስካር ወዲያ ተነስቶ በሶማሊያ ዳርቻ ወደ ህንድ የሚነጉደው ንፋስ ግን ሺህ ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል፤ የምድር ወገብን ሲሻገር ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በግልጽ ይታያል። ሕጉም ልክ ነው፣ ያንቺም ዓይን ልክ ነው። ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ፊዚክስ 14 ዓመት አስተምሬያለሁ። ሸምድዶ ኤ የሚያመጣ ሞልቶ ነበር። የተማረውን ከደጁ ንፋስ ጋር የሚያስተያይ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ስለ አባትሽ በግልጽ ልንገርሽ፣ ተሳስተዋል። በልግ የሚጠብቅ ገበሬ እንዴት ንፋስ አይበላም ይላል? የህንድ ውቅያኖስን እርጥበት ተሸክሞ የወሎን ዳገት የሚወጣው ንፋስ አይደለም እንዴ? በ66 እና በ77 ዝናቡ ሲቀር ምን እንደሆነ ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። በትሕትና አስታውሻቸው። ጤና ተመርቀው ሥራ አጥተው እኔ ጋ የሚመጡ ልጆችም እንዳሉ ንገሪያቸው።

አርባ ምንጭ ሜትሮሎጂ በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። እኔ ግን ፊዚክስን እዚሁ ጨርሺ፣ ሜትሮሎጂውን በሁለተኛ ዲግሪ ያዢው እላለሁ። የአየር ትንበያ አለ፣ አቪዬሽን አለ። እንደ አዳማ ያሉ የንፋስ ኃይል ጣቢያዎችም አሉ፤ የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 8 እጥፍ ስለሚሆን፣ ተርባይን ከመተከሉ በፊት ንፋሱን አጥንቶ የሚያሰላ ሰው የግድ ነው። አልሆን ቢል ማስተማር አለ። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም፣ ግን ልጆቼን ያሳደግኩት በሱ ነው።

ካልኩለስ ያስፈራሽ እንደሆነ በየቀኑ አንድ ሰዓት ስጪው። ጅዳ ያለችው እህትሽ «ነይ» ያለችሽን ከዲግሪው በፊት አታስቢው።

የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርሙን ሳትሞዪ በፊት ግን ያንን የአውድማ ጥያቄ ይዘሽ ፊዚክስ ዲፓርትመንት ሂጂና አንዱን መምህር ጠይቂ። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።