ውሃውን አትቀይሪው

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከኩሬ ቀድተሽ ትንሿ አኳሪየም ውስጥ ያስቀመጥሽው ውሃ መጀመሪያ ሰሞን በማይክሮስኮፕ ስታዪው በሚርመሰመስ ነገር ተሞልቶ ነበር፣ አሁን ግን ጠብታው ባዶ ሆነብሽ። ሁሉም ሞተው ከሆነ ውሃውን ልቀይረው ወይ ነው ያልሽው።

በፍጹም እንዳትቀይሪው! እኔ እንዲህ ያለ አኳሪየም መስኮት አጠገብ አድርጌ ለዓመታት ስከታተል ኖሬያለሁ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚደፋው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው፤ ደስ የሚለው ነገር የሚጀምረው ደግሞ ልክ ከዚህ በኋላ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ስትቀጂ ቅጠልና ጭቃ አብሮ ገብቷል። እሱ ሲበሰብስ ባክቴሪያ ይራባል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። ከዚያ ባክቴሪያ በሊዎቹ ይከተላሉ፤ መጀመሪያ በጣም ጥቃቅኖቹ፣ ቀጥሎ እነ ፓራሚሲየም የሚባሉት ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት፣ ምግብ እስካለ ድረስ በቀን አንዴም ሁለቴም እየተከፈሉ ይበዛሉ። ባክቴሪያው ሲመናመን እነሱም ይመናመናሉ። አንዳንዱ ዝርያ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል። ውሃው ይጠራል፣ መሃሉ ላይ የሚዋኝ ይጠፋል፣ ኑሮው ግን ወደ መስታወቱ፣ ወደ ተክሉና ወደ ጭቃው ዞሯል።

ስለዚህ ከመሃል መቅዳቱን ተዪው። ንጹሕ ስላይድ (ናሙና የሚደረግበትን ቀጭን መስታወት) በክር አስረሽ ውሃው ውስጥ አንጠልጥዪና ሳምንት ያህል ተዪው። ስታወጪው አንዱን ጎን ጥረጊ፣ በሌላው ላይ ከቨር ስሊፕ (ስስ መሸፈኛ መስታወት) አድርጊበት፣ በ40 እጥፍ ጀምሪ። ቮርቲሴላ የምትባለውን ባለ አንድ ሴል ፍጥረት የምታገኚው እዚህ ነው፤ በቀጭን ዘንግ ተጣብቃ ትቆማለች፣ ጠረጴዛውን ነካ ካደረግሽው ዘንጉ በቅጽበት ተጠምዝዞ ይሰበሰባል። ስቴንተር ካለ ደግሞ ሲዘረጋ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ በዓይንሽም ታዪዋለሽ፣ አንድ ሴል ብቻ ሆኖ!

እኔ ከሁሉም የምወደው ሮቲፈርን ነው። ከስቴንተር ያንሳል፣ ግን ብዙ ሴል ያለው ሙሉ እንስሳ ነው። አፉ ዙሪያ ያሉት ፀጉሮች ሲወዛወዙ መንኮራኩር የሚዞር ይመስላል፣ ሰውነቱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ መንጋጋው ውስጥ ሆኖ ሲፈጭ ይታያል። ሰዓት ሙሉ ባየው አልጠግበውም። አንዳንድ ዓይነቶቹ ውሃው ጭራሽ ቢደርቅ እንኳ ደርቀው ቆይተው ውሃ ሲያገኙ ይነሳሉ፣ የደረቀ ጭቃ አትጣዪ የምለውም ለዚህ ነው።

አያያዙ ቀላል ነው። ቀጥታ ፀሐይ አያግኘው፣ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል። ፊልተር አያስፈልግም፣ እነሱኑ ነው አጣርቶ የሚያወጣብሽ። ዓሣም አታስገቢ፣ ትልልቆቹን ለቅሞ ይጨርሳቸዋል። ውሃው በትነት ሲጎድል የዝናብ ውሃ ጨምሪ፤ የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ በተከፈተ ዕቃ አሳድሪው። ማይክሮስኮፕ የትምህርት ቤት ብቻ ከሆነና ሁልጊዜ ካላገኘሽ፣ ፎልድስኮፕ የሚባለው ከወረቀት የሚታጠፈው 140 እጥፍ ያጎላል፣ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ደብተር ያዢ። ሁሌም ከተመሳሳይ ሦስት ቦታ ውሰጂ፤ ከመስታወቱ፣ ከጭቃው፣ ከላይኛው የውሃ ገጽ። ያየሽውን ስሙን ባታውቂውም ሳዪው። እየቆየ ሲሄድ ዳፍኒያና ሳይክሎፕስ የሚባሉት ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ሊበዙ ይችላሉ፣ ከዚያ መስታወቱ ላይ ሃይድራ የሚባለው አዳኝ እንስሳ ብቅ ካለ ዳፍኒያው ሲቀንስ ታያለሽ፣ በቀጫጭን ክንዶቹ እየያዘ ስለሚበላ ነው። ሳይክሎፕስ እኮ ጋምቤላ ውስጥ የጊኒ ዎርምን (ሰው ውስጥ የሚያድግ ጥገኛ ትል) እጭ ተሸክሞ ወደ ሰው የሚያስገባው ራሱ ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን የመጠጥ ውሃን በጥቅጥቅ ጨርቅ ማጥለል ያስቀረዋል።

አንድ ነገር አደራ። ከየት እንደቀዳሽ አልነገርሽንም። ጣና ዳርን የመሰለ ቢልሃርዚያ (ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ) ያለበት አካባቢ ከሆነ ጓንት አድርጊ፣ ቀንድ አውጣ ካየሽም አውጥተሽ አስወግጂው። የቢልሃርዚያውን ትል እጭ ወደ ውሃው የሚለቀው ቀንድ አውጣው ነው፣ እጩ ደግሞ በቆዳ ነው የሚገባው። ልጆች እጃቸውን እንዳይነክሩበት።

ስላይዱን ዛሬ አንጠልጥዪና ስታወጪው በስልክሽ በሌንሱ በኩል ቀርጸሽ እዚህ ለጥፊው፣ ምን እንደሆነ አብረን እንለየዋለን።