ጥያቄና መልስ፦ የከሸፈ አደን

ባለፈው "ከአደን ባዶ እጃችሁን፣ ይባስ ብሎም አፍራችሁ የተመለሳችሁበትን ቀን ጻፉልኝ" ብዬ ነበር። የመጣው ደብዳቤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ጠመንጃ ያለው ሰው ሲያወራ ጀግና ነው፤ ብዕር ሲያነሳ ግን ለካስ ሐቁን ይናገራል። ለሐቁም ቢሆን ልክ አለው። ግማሹ ደብዳቤ "አንድ ጓደኛዬ" ብሎ ይጀምርና ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ "ያኔ እጄ ሲንቀጠቀጥ" ይላል። ነቅተናል።

"አጋዘኑ ሠላሳ እርምጃ ላይ ቆሞልኝ አምስት ጥይት ተኮስኩበት፤ አልወደቀም። ጎንበስ ብዬ ሳይ አምስቱም ጥይት ሳይተኮስ እግሬ ሥር ተበትኗል። ጓደኞቼ ይህን ነገር ሰርግ ላይ ሳይቀር ያነሱብኛል። ምን ነክቶኝ ነው?"

እንኳን ደስ አለዎት፣ ከአዳኞች ጥንታዊ ቅሌቶች አንዱን ፈጽመዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አዳኞች "የአውራ አጋዘን ንዳድ" ይሉታል። ንዳዱ የአድሬናሊን ነው። ልብ ይደልቃል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ዓይን ከቀንዱ በቀር ሌላ አያይም። እጅ ደግሞ የለመደውን ይሠራል፦ ያቀባብላል፣ ያልተተኮሰውን ጥይት ያስፈነጥራል፣ መልሶ ያቀባብላል። ቃታ የሚባል ነገር መኖሩ ተረስቷል። እኔን የሚገርመኝ እንዲህ የሆነ ሰው ተኩሱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ መማሉ ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ቀንዱን አይቁጠሩ። ከፊት እግሩ በስተኋላ ያለችውን ቦታ ብቻ ይዩ፣ የያዙትን አየር ያስወጡ፣ ከዚያ ይሳቡ። ሰርጉ ላይ ለሚያሾፉት ደግሞ "አንድም ጥይት አላባከንኩም" ይበሏቸው።

"ግንባሬ ላይ፣ ከቅንድቤ በላይ፣ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለ። ባለቤቴ ከየት እንደመጣ ስትጠይቀኝ 'ከድንጋይ ጋር ተጋጭቼ' ብያታለሁ። እስከ መቼ ልዋሽ?"

እርስዎ ዋሽተው አዳኞችን ማታለል አይችሉም፤ ያንን ማኅተም ከሩቅ እናውቀዋለን። የጠመንጃ መነጽር ከዓይን በአብዛኛው ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ሰው ግን ወደ ዳገት ሲያነጣጥር ወይም በደረቱ ሲተኛ አንገቱ ሳያስበው ወደፊት ይሰግጋል። ሰደፉም ትከሻ ላይ በደንብ አልተደገፈም። ጠመንጃው ወደኋላ ሲመታ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድብ ላይ ያርፋል። ለባለቤትዎ እውነቱን ይንገሯት፤ ድንጋዩም ቢሆን ብዙ የሚያስከብር ታሪክ አልነበረም።

"ከዓመታት በፊት አንዱ የቡድናችን አባል ቁጥቋጦ ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ ተኮሰ። ጥይቱ የሌላውን ጓደኛችንን ኮፍያ በስቶ አለፈ። ኮፍያው እስካሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በየዓመቱ እያየነው እንስቃለን። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልህ እያለኝ ነው። ችግሩ የኔ ነው?"

አይደለም። የርስዎ አእምሮ ጤነኛ ነው፤ የሌሎቹ ነው የሚያሳስበኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደስ የማይለው ይዝለለው።

በአደን ቀልድ ውስጥ እኔ የማልሻገረው መስመር አለ። አዳኙን ያዋረደ ነገር ሁሉ ያስቃል፦ መንገድ መሳት፣ ጭቃ ውስጥ መውደቅ፣ በዳክዬ መሞኘት። አፈሙዝ ወደ ሰው ከዞረ ግን ጨዋታው አብቅቷል። ኮፍያው የተሰቀለው ጥይቱ ሁለት ጣት ከፍ ስላለ ብቻ ነው።

የካቲት 2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በወቅቱ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዝዳንት የነበሩት ዲክ ቼኒ ቴክሳስ ውስጥ ድርጭት ሲያድኑ የምትበረውን ወፍ በአፈሙዛቸው እየተከተሉ ዞሩና የ78 ዓመቱን ጠበቃ ሃሪ ዊቲንግተንን ፊታቸው፣ አንገታቸውና ደረታቸው ላይ በፍሬ ርሳስ መቷቸው። የቴሌቪዥን ቀልደኞች ለሳምንታት ሥራ አገኙ። ሰውየው ግን በሦስተኛው ቀን አንዷ ፍሬ ልባቸው አጠገብ ስለተቀመጠች ቀላል የልብ ሕመም ገጠማቸው። ከሆስፒታል ሲወጡ ደግሞ ቼኒና ቤተሰባቸው ለደረሰባቸው ጭንቀት ያዘኑት እሳቸው፣ የተመቱት፣ ነበሩ! 95 ዓመት ሞልቷቸው በ2023 አረፉ።

ዊቲንግተን አዳኞች ከሩቅ እንዲተያዩ የሚለብሱትን ብርቱካናማ ልብስ ለብሰው ነበር። እናም ልብሱ ብቻውን አያድንም፤ ተኳሹ የሚተኩስበትን ብቻ ሳይሆን ከበስተጀርባው ያለውንም ማየት አለበት። የተንኮሻኮሸ ቁጥቋጦ ዒላማ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ልብሱን ግን "አጋዘኑን ያስበረግጋል" ብላችሁ እንዳትተዉት። ሰው ቀለም የሚለይበት ሦስት ዓይነት የዓይን ሕዋስ አለው፤ አጋዘን ሁለት ብቻ። ለኛ እንደ እሳት የሚነደው ብርቱካናማ ለሱ ደብዛዛ ነገር ነው። የሚያስበረግገው መወዛወዛችሁ ነው።

ኮፍያውን በተመለከተ፣ ግድግዳው ላይ ይቆይ። ከሥሩ ግን የተኳሹን ፎቶ ስቀሉበት።

"ባለቤቴ 'አጋዘኑ ሸተትኩት፣ ከኮረብታው ማዶ ሸሸ' ይላል። አብሮት የሄደው ወንድሜ ግን 'እንቅልፍ ወስዶት ነበር' ብሎ ነገረኝ። የቱን ልመን?"

ሁለቱንም፣ እመቤቴ። ነፋስ ከአዳኙ ወደ አጋዘኑ ከነፈሰ አጋዘን በእርግጥ ከሩቅ ያሸታል። ያንኮራፋ እንደሆነም ይሰማል።

"አጎቴ ሾትገን (ፍሬ ርሳስ የሚበትነው ጠመንጃ) ከመነካቱ በፊት የሁሉንም ሰው ኪስ ይበረብራል። ቢጫ ጥይት ካገኘ የሚያሰማው ጩኸት አይጣል ነው። እኛ ጅልነት መስሎን ስንስቅበት ኖርን። የምር ምክንያት አለው?"

አጎትዎን እግራቸውን ሳሙልኝ። የሾትገን ቁጥር የሚወጣው ከርሳስ ነው፦ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ያህል ርሳስ፣ 12 እኩል ድቡልቡሎች ቢደረግ የአንዷ ስፋት የ12 ቁጥር አፈሙዝ ስፋት ይሆናል። ለ20 ቢካፈል ድቡልቡሏ ታንሳለች። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠብባል።

አሁን የ20 ቁጥር ጥይት ተሳስቶ 12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ገባ እንበል። ስለሚቀጥን ተንሸራትቶ አፈሙዙ ውስጥ ራቅ ብሎ ይሰነቀራል። አዳኙ ቃታ ሲስብ "ቀጭ" ይላል። ከፍቶ ያያል፤ ባዶ ነው። "ማጉረስ ረስቼ ነው" ይልና ትክክለኛውን 12 ቁጥር ያጎርሳል። ሲተኩስ ከፊት የተሰነቀረው ይገጥመዋል፣ ብረቱ ይፈነዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግራ እጅ ያለው እዚያው አካባቢ ነው። የ20 ቁጥር ቀለህ ቢጫ የሚደረገው ከሌላው ጋር እንዳይምታታ ነው። እንግዲህ ጩኸቱን ችላችሁ ኪሳችሁን አስበርብሩ።

"እኔ ብቻ ነኝ በእንስሳ የተዋረድኩት? አንድ ጥንቸል አባርሮኛል።" (ይህ ደብዳቤ በሁለት መስመር ነው ያለቀው፤ ዝርዝሩን ለማወቅ አንድ ወር ደሞዜን እሰጥ ነበር።)

ደህና ጓደኛ አለዎት፦ ናፖሊዮን። ጄኔራል ቲየቦ በትዝታቸው እንደጻፉት፣ በ1807 የቲልሲት ውል ከተፈረመ በኋላ የናፖሊዮን የጦር ሹም ቤርቲየ ለንጉሠ ነገሥቱ የጥንቸል አደን አዘጋጀ። የዱር ጥንቸል ፍለጋ ከመድከም ብሎ ከገበሬ የለመዱትን በብዛት ሰብስቦ ለቀቀ። ጥንቸሎቹ ሰው ሲያዩ የሚመጣላቸው ምግብ ነዋ! መሸሹ ቀርቶ ግልብጥ ብለው ወደ ናፖሊዮን ሮጡ። አርጩሜም ቢነሳ፣ ሠረገላ ነጂዎች አለንጋ ቢያጮሁም አልተመለሱም። አውሮፓን ያንበረከከው ሰው ሠረገላው ውስጥ ገብቶ ሄደ። አንዳንዶቹም ተከትለው ሠረገላው ላይ ወጡ ይላሉ ጄኔራሉ። ጄኔራሉ ራሳቸው አዳኝ ከነበሩ፣ ትንሽ ጨው ጨምረውበት ሊሆን ይችላል።

ሳይተኩሱ መመለስም የሚያሳፍር አይደለም። ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በኅዳር 1902 ሚሲሲፒ ውስጥ ለቀናት ድብ አጥተው ቆዩ። በመጨረሻ መሪያቸው ሆልት ኮሊየር አንድ ድብ ይዞ ዛፍ ላይ አሰረላቸው። የታሰረ እንስሳ አልተኩስም አሉ። የካርቱን ሠዓሊው ክሊፎርድ ቤሪማን ነገሩን ሣለው፤ የልጆች አሻንጉሊት "ቴዲ ቤር" ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ድቡ ግን ቆስሎ ስለነበር በቢላ እንዲገላገል አዘዋል። አሻንጉሊቱን ለልጅ ስትሰጡ ይህችኛዋን ብትዘሏት ይሻላል።

"አራት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ ቦታው ስደርስ ጥይቱን ቤት እንደረሳሁት አወቅሁ። ለቡድኑ ልንገር ወይስ ቀኑን ሙሉ እንዳደንኩ ልምሰል?"

ይንገሩ። እኔ የማስመሰሉን መንገድ ሞክሬዋለሁ። አንድ ጊዜ ማታ ጠመንጃዬን ፈትቼ ወለወልኩና ማቀባበያውን ብረት ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ። ጫካ ስደርስ በትከሻዬ ያለው እንጨትና ቧንቧ ብቻ ነው። አፍሬ ዝም አልኩ። ቀኑን ሙሉ ቀዳዳውን በክንዴ ሸፍኜ እያነጣጠርኩ፣ ነፋስ እየለካሁ፣ "ዛሬ ዝም ብሏል" እያልኩ ዋልኩ። ከሰዎቹ ማንም አልነቃብኝም። አመሻሽ ላይ ግን በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ትልቁ አጋዘን ሃያ እርምጃ ላይ ወጥቶ ቆመ፣ አየኝ፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ሣሩን መጋጥ ቀጠለ።