ቧንቧውም መላወሻ ይፈልጋል

ልጆች፣ ደሴ ላይ ብዙ አዲስ ፎቅ ጣሪያው ላይ የውሃ ማሞቂያ ሶላር እየሰቀለ ነው። በዚያ ብርድ ማን ይፈርዳል? ሥራው ደግሞ በእናንተ በወጣቶቹ እጅ ነው። እጃችሁ ፈጣን ነው፣ ፒፒአሩን፣ የፕላስቲኩን ቧንቧ፣ ስትበይዱ ያስቀናል። አንድ ነገር ግን ትረሳላችሁ፦ ቧንቧ ሲሞቅ ይረዝማል።

ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ተራው ፒፒአር ለእያንዳንዱ ሜትር በየዲግሪው 0.15 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። ጠዋት 15 ዲግሪ ላይ የነበረ 10 ሜትር መስመር 65 ዲግሪ ውሃ ሲሞላው 7 ሴንቲ ተኩል ረዘመ ማለት ነው። እንደ እባብ ተጠማዞ የምታዩት ለዚህ ነው። ውስጡ ፋይበር ወይም አልሙኒየም ያለበት የዚህን ሲሶ ቢረዝም ነው፤ ለሙቅ መስመር እሱ ይገዛ ብላችሁ ከባለቤቱ ጋር ተከራከሩ።

ብረት ብዙም አይረዝም፣ ጉልበቱ ግን አያድርስ! እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የእንፋሎት መስመር ላይ ነው ያረጀሁት። 30 ሜትር የብረት ቧንቧ ከ20 ወደ 170 ዲግሪ ሲሞቅ 54 ሚሊሜትር ይሄዳል። ጫፍና ጫፉን ጠፍራችሁ ብትይዙትስ? ባለ 4 ኢንች ቧንቧ 100 ዲግሪ ሞቆ መላወሻ ካጣ ከ30 ቶን በላይ ይገፋል፤ በክላምፕ፣ በቧንቧ ማሰሪያ፣ እይዘዋለሁ ማለት ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የበጠሰ ተሳቢ በእጅ እንደማቆም ነው። ወይ ቧንቧው ይቆለመማል፣ ወይ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ወይ ግድግዳው ይለቃል።

መሄዱ ካልቀረ የሚሄድበትን እናንተ ምረጡለት። አንድ ቦታ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ሌላው ክላምፕ ይደግፈው እንጂ አይነቀው፣ መሃል ላይ ደግሞ በዩ ቅርጽ አጥፋችሁ መተጣጠፊያ ስጡት። እንፋሎት ከሆነ ዩውን አጋድሙት፤ ሽቅብ ካቆማችሁት ሥሩ ላይ ውሃ ይጠራቀምና ውሃውን የሚያስወጣ ስቲም ትራፕ ካልገባለት ቧንቧውን ይደበድበዋል። ግድግዳና ሶሌታ ሲያቋርጥ ሰፋ ባለ ቧንቧ ውስጥ አሳልፉት እንጂ በሲሚንቶ አትድፈኑት።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ቅርንጫፍ የሚወጣበት መገጣጠሚያ፣ ቲው ነው። ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ዋና መስመር ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ሻወር የሚገባው ቅርንጫፍ ደግሞ ወዲያው ግድግዳ ውስጥ ተቀብሯል። ታዲያ የሚሰበረው ምን ይሆን? ቅርንጫፉ ግድግዳ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ሄዶ ይታጠፍ፤ አንድ ኤልቦ፣ አንድ ማጠፊያ፣ ቢጨምርባችሁ ነው።

«ፕሬዠር ቴስት አድርገን፣ በውሃ ግፊት ፈትነን፣ ጠብታ የለም» አትበሉኝ። የፈተናችሁት በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ቧንቧው ገና አልተንቀሳቀሰም። ጣጣው የሚመጣው በየቀኑ እየሞቀ እየቀዘቀዘ ሲመላለስ ነው፣ ያኔ ሴራሚኩ ተለጥፏል፣ ሂሳባችሁም ተከፍሏል። ከልስን በፊት አንዴ በደንብ አሙቁት፣ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ክላምፕና ቲ ዞራችሁ እዩ። ባለቤቱ ከቸኮለ አብሽር በሉትና ሁለት ቀን ለምኑት።