ጀርባዋ ከመከፈቱ በፊት ልቧ ይታይ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ ቀጭንና በጣም ረጅም ናት። ጀርባዋ እየጎበጠ ሄዶ አሁን ራጅ ላይ 58 ዲግሪ ሆኗል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል አሉን። አንዱ ሐኪም ደግሞ ማርፋን ሲንድሮም ሳይኖርባት አይቀርም አለን። ኦፕራሲዮኑ ያሰጋታል? ቢቆይስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ሐኪም የጠረጠረው ነገር እንዲሁ መታለፍ የለበትም። ማርፋን በዘር የሚመጣ ችግር ነው፣ ፋይብሪሊን የሚባለው ፕሮቲን ስለሚበላሽ ሰውነትን አጥብቆ የሚይዘው ነገር ይላላል፣ ስለዚህ ጀርባዋ ላይ ያለው ችግር ዓይኗም ልቧም ላይ ሊኖር ይችላል። እስቲ አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ አድርጋ ትጨብጥ፣ ጥፍሩ እንዳለ በትንሿ ጣት በኩል ካለፈ ለሐኪሟ ይንገሩት፣ ብቻውን ማርፋን ነው አያስብልም ግን ጥርጣሬውን ያጠናክራል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ልቧ ነው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ስር፣ አኦርታ፣ ማርፋን ያለበት ሰው ላይ መነሻው ጋ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ህመምም ላይኖረው ይችላል፣ ከተቀደደ ግን ይገድላል። ስለዚህ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሳትነሳ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ቢሰጥዎ እሺ እንዳይሉ፣ ኢሲጂ (የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ) ተነስታለች ቢሉዎትም ያ ኢኮን አይተካም። ሰፍቶ ከተገኘ እንደ ፕሮፕራኖሎል ወይ ሎሳርታን ያለ መድሃኒት ይጀመርላታል፣ በጣም ከሰፋ ደግሞ የልብ ኦፕራሲዮኑ ይቀድማል። እስከዚያው ቁመቷን አይተው ባስኬት ተጫወች የሚሏት ካሉ ይቅርባት።

ጀርባዋም ቢሆን እንደ ተራው ስኮሊዮሲስ (የጀርባ አጥንት መጣመም) አይደለም፣ የህብለ ሰረሰር ሽፋኑ እየተለጠጠ አጥንቱን ያሳሳዋል፣ ጀርባዋን ለማቅናት አጥንቱ ላይ የሚታሰረው ብሎን የሚገባበት ቦታ ይቀጥናል፣ ደምም የበለጠ ይፈሳል፣ ለዚህ ነው ኤምአርአይና ሲቲ አስቀድሞ የሚያስፈልገው፣ ደምም ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ሰርጀኑን ኦፕራሲዮኑ ላይ ነርቧን የሚከታተል ማሽን አለ ወይ፣ ከዚያ በኋላ አይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) አልጋ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ፣ አይፈሩ፣ መብትዎ ነው።

ቢቆይስ ላሉት፣ 50 ዲግሪ ያለፈ ጉብጠት እድገቷን ከጨረሰች በኋላም መጨመሩን አይተውም፣ ማርፋን ላይ ጀርባን የሚደግፈው ቀበቶም እምብዛም አይዝም፣ ስለዚህ ለዓመታት አይተዉት፣ ለምርመራው የሚሄዱት ሳምንታት ግን አይጎዷትም። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል አለ፣ ሪፈር ያጽፉ። ስድስት ኪሎ ማዘር ቴሬዛ ደግሞ ዶክተር ሪክ ሆድስ ለዓመታት የጀርባ ታካሚዎችን እያዩ ከባዶቹን ጋና አክራ ወዳለው ፎኮስ ሆስፒታል ሲልኩ ኖረዋል፣ ለእርስዎ ቅርብ ስለሆነ እሱንም ይጠይቁ። እግሯ ከዛለ ወይ ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት፣ ወይ ድንገት ደረቷን ወይ ጀርባዋን የሚሰነጥቅ ህመም ከያዛት ቀጠሮ ሳይጠብቁ በቀጥታ ድንገተኛ ይውሰዷት።

ማርፋን መሆኑ ከተረጋገጠ እርስዎም አባቷም ወንድም እህቶቿም ኢኮ ተነሱ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።